ሰንጋ የወሰነው ድል

የጎንደር አርበኞቻችን አዳራሽ ቅዳሜና እሑድ ለሠርግ ይከራያል፤ በአዘቦት ቀን ደግሞ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ አያጣውም። ለአርበኞቹ ራሳቸው የሚደርሳቸው ሚያዝያ ሲቃረብ፣ የድል በዓል ዝግጅት ኮሚቴው የተቀመጠ ዕለት ነው።

ያን ዕለት የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፣ ደረታቸውን በኒሻን ሞልተው ከፊት የሚደረደሩት አባቶች አብዛኞቹ ጣሊያንን ያዩት ካሜራ አንግቶ የፋሲልን ግንብ ሲጎበኝ ነው። በ1934 ዓ.ም. ጠመንጃ ለመሸከም የደረሰ ልጅ ዛሬ መቶ ዓመቱን ይዟል። ኒሻን ግን ይወረሳል፤ ከኒሻኑ ጋር የፊት ወንበሩ፣ ከወንበሩ ጋር ቁጣው። (ሻይ ሲዘገይ የሚቆጡት ቁጣ፣ እውነት ለመናገር፣ የአርበኛ ነው።) ባለፈው አንዱ በጎንደር ደጅ ስለነበረው የጣሊያን ምሽግ ሲፎክሩ «ቁልቋል በር ላይ የጣልኩት!» ቢሉ፣ አብሮ አደጋቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ጣሪያው አዩ።

ጠቡ የሚነሣው በበዓሉ ቀን ነው። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ጎንደር ገና በጣሊያኑ አዛዥ በጄኔራል ናሲ እጅ ነበረች። ቁልቋል በር የተለቀቀው በ1934 ዓ.ም. በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው፤ ናሲም እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን። ደርግ በበኩሉ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 ወስዶት ነበር፤ ያም ቢሆን ጠላት አዲስ አበባን የለቀቀበት ቀን እንጂ የእኛ አይደለም።

«እኛ እዚህ ከስድስት ወር በላይ ስንታኮስ፣ እነሱ እዚያ ጠጅ ይጠጡ ነበር! በዓላችን ኅዳር 18 ይሁን!» አሉ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከባህል ጽሕፈት ቤት የተላከው ወጣት «አባቶቼ፣ በጀቱ እኮ የተያዘው ለሚያዝያ ነው» ቢል ማን ሰምቶት።

እጅ ሊወጣ ሲል ከኋላ የተቀመጡ አንድ መሪጌታ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ጌቶቼ፣ ኅዳር 18 ጾመ ነቢያት ከገባ ሦስት ቀኑ ነው። ሰንጋው እንዴት ሊሆን ነው?»

ከዘራው ጸጥ አለ።

«ሚያዝያ 27 ግን» ቀጠሉ መሪጌታ፣ «አብዛኛውን ጊዜ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ይውላል። ረቡዕ ቢሆን፣ ዓርብ ቢሆን ይበላል።»

ሚያዝያ 27 በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ድጋፉን በማሰማት የቀደሙት ባለ ከዘራው ናቸው፤ ወዲያውም ለሰንጋ ገዢ ንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆነው ተመረጡ።