ግጥሙን ነክታችኋል

ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል አርብ ማታ ሎቢው ውስጥ ይጫወት የነበረውን ባንድ ከዚህ ወር ጀምሮ አሰናብቷል። በምትኩ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰማው አዲስ የላውንጅ አልበም ነው። 14 የድሮ ዘፈኖች፣ አብዛኞቹ በእኛ አቆጣጠር የ1960ዎቹ ሥራዎች፣ በተለያዩ ወጣት ድምፃውያን ተዘፍነው ተሰብስበውበታል። ጊታር፣ ለስለስ ያለ ከበሮ፣ ቦሳ ኖቫ የሚባለው የብራዚል ምት። ማኪያቶ እየጠጡ ለማውራት ይመቻል።

ባንድ ደመወዝ ይፈልጋል፣ ፍላሽ አይፈልግም። ሆቴሉ ምክንያቴ ይህ ነው ቢል አዝኜ ዝም እል ነበር። ያናደደኝ የአልበሙ አዘጋጅ በኤፍኤም ራዲዮ የተናገረው ነው። ዘፈኖቹ ለዘመኑ ጆሮ ስለሚከብዱ አቅልለናቸዋል፣ ግጥሙን ግን አልነካንም አለ። ጋዜጠኛዋም አመስግና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች።

እኔ አላልፈውም። ነክታችኋል።

አልበሙን ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ድምፃዊቷ ማይኩን ከንፈሯ ላይ ለጥፋ ነው የምትዘፍነው። ከድምፅ በፊት ትንፋሽ ይመጣል። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚሞቱት «ጠ»፣ «ቀ» እና «ጨ» ናቸው። እነዚህ ፊደላት ጉሮሮ ጨበጥ፣ አፍ ፈንዳ ሳይል አይወጡም። በሹክሹክታ «ጠ» ወደ «ተ» ይንሸራተታል። ልጅቷ የምትወደው ሰው ጠፋ ብላ ማልቀስ ነበረባት። እኔ ጆሮ የደረሰው ግን «ተፋ» ነው። ጠፋና ተፋ አንድ ናቸው? አንዱ ሰው ማጣት ነው፣ ሌላው ምራቅ ነው። የዘፈኑ ልብ ያለው እዚያች ቃል ላይ ነበር። እናንተ ግን ግጥሙን አልነካንም ትላላችሁ።

መጥበቅና መላላቱ ደግሞ ይብሳል። አማርኛ በፊደል ብቻ አይኖርም። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፣ ሲጠብቅ የታኅሣሥ በዓል ነው። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ያስገባሃል፣ ሲጠብቅ አለቃ ያደርግሃል። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ እዚህ ነው፣ አልሄደም ማለት ነው። የዘፈን ግጥም ጸሐፊዎቻችን በዚህች ስንጥቅ ውስጥ ነው ወርቁን የሚደብቁት። አንዱ ቃል ላልቶ ሰምን ይነግርሃል፣ ጠብቆ ወርቁን ያወጣልሃል። ድሮ የዘፈኑት ሰዎች ይህንን ያውቁ ነበር። የሚጠብቀው ፊደል ላይ ቆመው፣ ረገጥ አድርገው፣ ከዚያ ይለቁታል። ባንዱም ይጠብቃቸዋል። የቦሳ ኖቫ ጊታር ግን አይጠብቅም። ምቱ እኩል እየተንከባለለ ይሄዳል፣ ድምፃዊቷም ቃሉን እኩል አድርጋ ታንከባልለዋለች። የጠበቀው ላላ፣ የላላው ጠበቀ። ወረቀት ላይ ያለው ፊደል አልተነካም፣ እውነት ነው። ዘፈን ግን ወረቀት ላይ አይደመጥም።

«ይሰማል» የምትለዋን ቃል እዩአት። ላልታ ስትነገር የሚሰማ ሰው አለ። ጠብቃ ስትነገር ድምፁ ብቻ አለ፣ ሰሚው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሎቢው ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። ዘፈኑ ይሰማል፣ የሚሰማ ግን የለም። ይህ በስህተት የመጣ አይደለም፣ ታስቦበት የተሠራ ነው። ወሬ እንዳያቋርጥ ተብሎ የተሠራ ዘፈን የመጀመሪያ ሥራው አለመደመጥ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ዘፈን ላይ ወሬውን ማቋረጥ ልማዱ ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። «ተቀበል» ሲባል መለኪያው ይቀመጣል፣ አፍ ይዘጋል፣ ቃሉ ሲገባ ቤቱ ይጮኻል።

ቦሳ ኖቫን አልጠላም። እንዲያውም እወደዋለሁ። በእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጨረሻ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ እነ ጆአዎ ዢልቤርቶ በዝቅታ መዝፈን ሲጀምሩ የሚዘፍኑት በራሳቸው ቋንቋ ነበር። ፖርቱጋልኛ በአፍንጫ የሚወጡ፣ ለስላሳ አናባቢዎች አሉት። ሹክሹክታውን ይሸከማል። የእነሱን አዘፋፈን አምጥቶ «ጨ» እና «ጠ» ባለበት ቋንቋ ላይ መጫን የሌላ ሰው ጫማ አጥልቆ መሮጥ ነው።

ዜማውም ቢሆን አልተረፈም። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ የለውም፣ ሲ የለውም። የላውንጅ ጊታር ደግሞ ከሥሩ ሜጀር ሰቨን የሚባለውን ኮርድ፣ አብረው የሚመቱ አራት ድምፆችን፣ ሳያስገባ አያርፍም። እሱ ኮርድ ውስጥ ያለችው ደግሞ ያቺው ሲ ናት። ድምፃዊቷ ትዝታ እየዘፈነች ከሥሯ ያለው ጊታር ትዝታ አይደለም። ሐዘኑ የሚመጣው ከጎደሉት ሁለት ድምፆች ነበር፣ እነሱ ሞሉት። አንቺ ሆዬ በሚባለው ቅኝት ላይ ያደረጉትንማ ባልሰማው ይሻለኝ ነበር።

ሙዚቃችን ድሮም ከውጭ ሙዚቃ ጋር ሲደባለቅ ነው የኖረው የሚል መልስ ይመጣል። አዎ፣ ተደባልቋል። ኔርሲስ ናልባንዲያን የአርመን ልጅ ነበር፣ የእኛን ዜማ ለትልልቅ ባንዶች ያቀናበረ። ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና ቦስተን ተምሮ ቫይብራፎን የሚባለውን በመምቻ የሚመታ የብረት መሣሪያ ይዞ መጣ። ግን ኮርዱ ቅኝቱን እንዳይውጠው ተጨንቀውበታል፣ ዓመታት ፈጅተውበታል። አምሃ እሸቴም በእ.ኤ.አ. 1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር መብቱ የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነው እየተባለ ነበር። እስር ቢመጣም ይምጣ ብሎ ገባበት፣ ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ። እነዚህ ሰዎች ነክተውታል። ነክተውት ግን አሳድገውታል። ከእነሱ ጎን ራሱን የሚያሰልፍ አዘጋጅ ድፍረቱ ይገርመኛል።

ወጣቱ አሮጌውን አይሰማም የሚለው ደግሞ እንዴት እንደሚነገር አይገባኝም። እስቲ ቅዳሜ ማታ አንድ ሠርግ ግቡ። ባንዱ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ሲጀምር ወንበር ላይ የሚቀረው ማን ነው? የሃያ ዓመት ልጆች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃላቸው ይዘፍኑታል፣ የሚጠብቀውን እያጠበቁ፣ የሚላላውን እያላሉ። ማንም አላቀለለላቸውም። የከበደው ለአዘጋጁ ነው።

ባለፈው አርብ ሆቴሉ ሄጄ ነበር። ኪቦርዱ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። አጠገቤ ብቻቸውን የተቀመጡ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡ አንድ አባት ነበሩ። አራተኛው ዘፈን ሲመጣ ቀና አሉ። ከልጅቷ ጋር አብረው ማንጎራጎር ጀመሩ፣ ሁለት ስንኝ ሄዱ፣ ሦስተኛው ላይ ተለያዩ። እሷ ዝም ብላ ያለፈችውን ቃል እሳቸው ረግጠው አጠበቁት። ዞር ብለው «የት ሄደች ይቺ ልጅ?» አሉኝ። ምን እንደምመልስ ጠፋኝ።

አስተናጋጁን ጠርቼ አልበሙን አሳየኝ አልኩት። ሽፋኑ ላይ ስኒና መስኮት አለ። ጀርባው ላይ የድምፃውያኑ ስም፣ የጊታሪስቱ ስም፣ የፎቶ አንሺው ስም በደንብ ተጽፏል። በግጥምና ዜማ ደራሲ ቦታ ከ14ቱ ዘጠኙ ላይ የተጻፈው «ባህላዊ» የሚል ነው። ስልሳ ዓመት እንኳ ያልሞላው፣ ደራሲው በስም የሚታወቅ ዘፈን ባህላዊ ተብሏል! የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲ ስሙ እንዲጠቀስለት መብት ይሰጠዋል። ገንዘብ ነክ መብቱም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ግጥሙን አልነካንም ያሉን ሰዎች ገጣሚውን ሰርዘውታል።

የሚቀጥለው እትም ላይ ዘጠኙ ስሞች ይጻፉ። ጽፈው ሲጨርሱ ደግሞ ደራሲዎቹን ወይም ልጆቻቸውን ይፈልጉና ያስፈቅዱ። እኔ በበኩሌ አርብ እንደገና እሄዳለሁ። ኪቦርዱ ላይ ያለው ጨርቅ እስኪነሳ ድረስ ሥራ አስኪያጁን በየሳምንቱ እጠይቃለሁ።