ዳላስ የገባና አዲስ አበባ የገባ

አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ሐበሻ ሲገናኝ የማይቀር ወሬ አለ፤ «ስቴት ልቀይር ነው»። መድረሻው ብዙ ጊዜ የቴክሳሷ ዳላስ ነው። ምክንያቱም አይጠፋም። ቴክሳስ ከደመወዝ ላይ የስቴት ታክስ አትቆርጥም፤ የዲሲ ጎረቤት ቨርጂኒያ እስከ 5.75 በመቶ ትቆርጣለች። ቤቱ ረከስ ይላል፤ ትራክ ለሚነዳም ሥራ አለ። የቴክሳስ የቤት ታክስ አናት እንደሚያዞር ግን ቀድሞ የሄደው አይነግርህም። እሱም ነገሩ የገባው ቤት ከገዛ በኋላ ነዋ!

ዕቃህን ጭነህ ስትደርስ ቋጠሮው ይጀምራል። አፓርትመንት ልትከራይ ሄድክ እንበል። ቢሮ ያለችው ልጅ ፈገግ ብላ ፔይ ስታብ፣ ማለትም ደመወዝህን የሚያሳይ ወረቀት ትጠይቅሃለች። ገቢህ የኪራዩን ሦስት እጥፍ መሆን አለበት፤ ክሬዲትህም፣ ማለትም የዕዳ አከፋፈል ታሪክህ፣ ይታያል። ሥራ ገና አልጀመርክ፣ ፔይ ስታቡ ከየት ይምጣ? ሥራ ልታመለክት ስትል ደግሞ አድራሻህን ይሉሃል።

በዚህ የሚያማርሩ ሰዎች አገር ቤትን የረሱ ይመስለኛል። ከጎንደር ወይም ከወሎ ተነስቶ አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ የሚገባ ልጅ መጀመሪያ ከቀበሌው መሸኛ ማውጣት አለበት። መሸኛውን ይዞ ሲመጣ፣ መታወቂያ ለማውጣት የሚመዘገብበት ቤት ያስፈልገዋል። አከራይ ደግሞ መታወቂያ የሌለውን ሰው ማስገባት ይፈራል። ጥበቃ ልቀጠር፣ ካሸር ልሁን ቢል «ተያዥ አለህ?» ነው። ያውም ደመወዝተኛ ተያዥ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ። ለከተማው ባዳ የሆነን ልጅ ማን ይያዘው? ፋይዳ የሚባለው አገር አቀፍ ዲጂታል መታወቂያ ከመጣ ወዲህ ማንነቱን ማሳየት ቀሎታል፤ የአዲስ አበባ ነዋሪ ግን አያደርገውም።

እዚህም እዚያም ቋጠሮውን የሚፈታው ሰው ነው። እዚህ የሐበሻ ሱቅ በር ላይ፣ ከእንጀራው መደርደሪያ አጠገብ የተለጠፉትን ወረቀቶች አንብብ። «ለአንድ ሰው የሚሆን ቤዝመንት (ምድር ቤት)፣ መብራትና ኢንተርኔት ጨምሮ፣ ለማያጨስ።» ከታች ስልክ ቁጥሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተቆራርጦ ተንጠልጥሏል። ፔይ ስታብ የሚልህ የለም። «የማን ዘመድ ነህ?» ይበቃል።

አገር ቤት ደግሞ አጎት አለ፣ አክስት አለች። ዲያስፖራው ሰብሰብ ሲል ይህን ማሞገስ ይወዳል። «እዚያኮ ዘመድ ሜዳ ላይ አይጥልህም» ይባላል። እውነት ነው፣ አይጥልም። ወንዱ ልጅ ሥራ እስኪያገኝ እየበላ እየጠጣ፣ ሲቪውን ይዞ ይዞራል። ሴቷስ? «ላስተምራት» ተብላ ከገጠር ከመጣች ከማለዳ ጀምሮ ዕቃ ታጥባለች፣ ልጅ ታዝላለች፤ ማታ ትምህርት ቤት ደርሳ ደብተሯ ላይ ታንጎላጃለች። ደመወዝ የለም፣ ዘመድ ናታ! ሥራ ልፈልግ ያለች ቀን ውለታ ቢስ ትባላለች።

የቤዝመንቱ አከራይ ወር ሲደርስ «ዜል አድርግልኝ»፣ ማለትም ገንዘቡን በስልክ ላክልኝ ይልሃል። ካልከፈልክ ትወጣለህ። ያናድዳል፤ ግን ስንት ዕዳ እንዳለብህ ታውቀዋለህ። እኔ ከሁለቱ ምረጥ ብባል ቤዝመንቱን ነው። ከእነዚያ ዘመድ ቤት ከገቡት ሴት ልጆች አንዳንዶቹ ቤቱን ለቀው የሚወጡት በደላላ ነው፤ ወይ ሌላ ሰው ቤት ሠራተኛ ሆነው፣ ወይ ወደ ዓረብ አገር። ደላላው ቢያንስ ደመወዟ ስንት እንደሆነ ይነግራታል።