የማክስ ሮችን ሕይወት ለሁለት መክፈል ስሕተት ነው

ስለ ጃዝ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የአሜሪካዊውን ድራመር የማክስ ሮችን ሕይወት ለሁለት መክፈል ይወዳሉ። በአንድ ወገን ከነሳክስፎኒስቱ ቻርሊ ፓርከር ጋር ቢቦፕ የተባለውን ፈጣን የጃዝ ስልት የፈጠረው ሙዚቀኛ አለ፤ በሌላው ወገን ከ1960 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ወዲህ ለጥቁሮች መብት የተነሣው ታጋይ ይቆማል። ሁለተኛውን ዘመን ሮች ከሙዚቃ መንገድ የወጣበት አድርገው የሚቆጥሩትም አሉ። እኔ ግን በ1960 ለወገኖቹ የጠየቀውን ነጻነት ከ15 ዓመት በፊት ለድራሙ ጠይቆለት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሮች በ1924 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ተወልዶ ያደገው በኒውዮርክ ብሩክሊን ነው። ሙዚቃ ሲጀምር የድራመር ዋና ሥራ ዳንሰኛው እርምጃውን እንዳይስት የባስ ድራሙን ፔዳል እየረገጠ ምት መጠበቅ ነበር። ይህን ኃላፊነት ከእግር ወደ ሲምባል ያሻገረው ታላቁ ድራመር ኬኒ ክላርክ ሲሆን፣ ሮች ደግሞ መንገዱን ተከትሎ እስከ ጥግ ሄደበት። ቀኝ እጁ በሲምባሉ ላይ ምቱን ሲያስኬድ፣ ግራ እጁና እግሩ ከአገልጋይነት ወጥተው ለሳክስፎኑ መልስ ይሰጣሉ፣ ይሞግቱታል፣ አንዳንዴም ቀድመውት ይናገራሉ። በ1945 ፓርከር “ኮ-ኮ” የተባለውን ሙዚቃ ሲቀዳ ድራሙ ላይ የተቀመጠው ሮች ገና 21 ዓመቱ ነበር፤ ያን ቀረጻ በጥሞና የሰማ ሰው ድራሙ አጃቢ ብቻ አለመሆኑን ይረዳል።

በ1954 ከመለከት ተጫዋቹ ከክሊፎርድ ብራውን ጋር ያቋቋመው ቡድን ከሁለት ዓመት በኋላ በመኪና አደጋ ፈረሰ። ብራውንና ፒያኒስቱ ሪቺ ፓወል አብረው ሞቱ፤ ሮችም በሐዘንና በመጠጥ ተጎዳ።

በፌብሩዋሪ 1960 አራት ጥቁር ተማሪዎች በዚያው በተወለደበት ሰሜን ካሮላይና፣ በግሪንስቦሮ ከተማ፣ ለነጮች ብቻ በተከለለ የምግብ ባንኮኒ ፊት ተቀምጠው አንነሣም አሉ። በማርች ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ በሻርፕቪል ሰልፈኞች ላይ ተኩሶ 69 ሰዎችን ገደለ። ሮች በዚያው ዓመት ከግጥም ጸሐፊው ከኦስካር ብራውን ጁኒየር ጋር የሠራውን “ዊ ኢንሲስት” (“አጥብቀን እንጠይቃለን”) የተባለ አልበም ቀዳ፤ ሽፋኑም እንዲህ ባለ ባንኮኒ ፊት የተቀመጡ ጥቁሮችን የሚያሳይ ነው። የአልበሙ ልብ ድራምና የዘፋኟ የአቢ ሊንከን ድምፅ ብቻ የሚሰሙበት፣ አንድም ቃል የሌለበት ክፍል ነው። ሊንከን በዜማ ትጸልያለች፣ ከዚያ ትጮኻለች፣ በመጨረሻም ትንፋሿን ትሰበስባለች፤ ሮች በጩኸቱ ጊዜ እንኳ አይሸፍናትም፣ ከሥሯም አይደበቅም፤ ጎን ለጎን ይናገራል። ይህ በ1945 የተማረው ጭውውት ነው እንጂ ሌላ ሙያ አይደለም።

ፖለቲካው ሙዚቃውን አሟጠጠበት ለሚሉት መልሱ በ1966 ያወጣው የብቻ የድራም ሥራ ነው። አንድ እግሩ ባስ ድራሙን፣ ሌላው በፔዳል የሚከደኑትን ጥንድ ሲምባሎች እየረገጡ ባለ ሦስት ምት ቫልስ ሳያቋርጡ ያስኬዳሉ፤ ሁለቱ እጆቹ ከዚያ በላይ ሐሳብ ይጀምራሉ፣ ይተዉታል፣ መልሰው ያነሡታል። በመካከል ያለው ዝምታ ራሱ የድርሰቱ አካል ነው። ፒያኖ የለም፣ ባስ የለም፣ ግን ዜማ ጎደለ የሚያሰኝ ቦታ አላገኘሁበትም።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1988 ለላቀ የፈጠራ ችሎታ የሚሰጠው የማክአርተር ሽልማት ተሰጠው፤ በ2007 በ83 ዓመቱ አረፈ። ያንን ቫልስ ዛሬም የድራም ተማሪዎች መጀመሪያ በእግራቸው፣ ቀጥሎ በእጃቸው ይለማመዱታል።