ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ነው፤ ቦርሳውን የት ልዘለው?

የምሠራበት ሕንጻ አስተዳደር ሰሞኑን አንድ ማስታወቂያ ለጥፏል። ብስክሌት ላይ የታሰረ ሻንጣም ሆነ የጎን ቦርሳ ከእንግዲህ ወደ ብስክሌት ማቆሚያው አይገባም ይላል። ምክንያት ተብለው የተጻፉት ሦስት ናቸው። ቦታ ያጣብባል፤ ለጥበቃ ያስቸግራል፤ ደግሞም «ብስክሌተኛ በጀርባ በሚታዘል ቦርሳ መጠቀም ይችላል»። ሄደን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ የባሰ ነበር። «ሻንጣ ለመንገደኛ ነው፤ እናንተ የምትመጡት ሥራ ነው» ተባልን።

ሦስተኛዋን ምክንያት የጻፈውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኛል። እኔ የምነዳው ሪከምበንት ነው። ጋደም ብለው፣ እግር ወደ ፊት ዘርግተው የሚነዱት ብስክሌት ማለት ነው። መቀመጫው እንደ ወንበር መደገፊያ አለው። ስነዳ ጀርባዬ ከትከሻ እስከ ወገብ እዚያ ላይ ተለጥፏል። ታዲያ የጀርባ ቦርሳው የት ሊገባ ነው? በእኔና በመደገፊያው መካከል? ላፕቶፑን ትራስ አድርጌ ልንዳ?

እሺ፣ ገባ እንበል። ሪከምበንት ላይ ፔዳል የሚገፋው ጀርባን መደገፊያው ላይ አስደግፎ ነው። መሃል ላይ ቦርሳ ሲገባ ያ ድጋፍ ይጠፋል። ሰውነት ወደ ፊት ይገፋል፣ አንገት ይንጋደዳል፣ ጉልበት ያለቦታው ይታጠፋል። «ደረትህ ላይ አንጠልጥለው» ያለኝም አልጠፋም። ጉልበቴ በየዙሩ ወደ ላይ እንደሚመጣ፣ መንገዱን የማየውም በዚያው በኩል እንደሆነ ማን ይንገረው!

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዕቃን መሸከም ያለበት ብስክሌቱ ነው። ሰው አይደለም። ይህ ቀጥ ብለው በሚነዱት በተለመደው ብስክሌትም ያው ነው። ጀርባ ላይ የታዘለ ቦርሳ ክብደቱን ወደ ላይ ይሰቅለዋል፣ ትከሻን ይቆርጣል፣ ሸሚዝን በላብ ያጠምቃል። የተለመደው ብስክሌት ነጂ ግን ቢያንስ ምርጫ አለው። ሪከምበንት ነጂ የለውም። በምትኩ ግን ሌላው ነጂ ያላገኘው ነገር አለው። መቀመጫው ዝቅ ያለ ስለሆነ ቦርሳውም ዝቅ ይላል። በመቀመጫው ግራና ቀኝ የሚንጠለጠሉት ቦርሳዎች በሁለቱ ጎማዎች መካከል፣ ወደ መሬት ቀርበው ይቀመጣሉ። ጭነት ለብስክሌት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለውም። መታጠፊያ ላይ አይወዛወዝም፣ መሪ አያስቸግርም። የተለመደው ብስክሌት ላይ የኋላ ጎን ቦርሳ ሲጫን ተረከዝ በየርግጫው ሊመታው ይችላል። እኛ ጋ እግር ያለው ፊት ነው፤ ተረከዝና ቦርሳ አይተዋወቁም። ከመደገፊያው ኋላ የሚታሰረው ደግሞ ነጂው ራሱ በከፈተው አየር ውስጥ ተደብቆ ይሄዳል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየር ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል።

የእኔ ሻንጣ ከመደገፊያው ኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ የሚታሰር፣ ጨርቅ የሆነ የጉዞ ሻንጣ ነው። አውሮፕላን ውስጥ በእጅ ይዘውት የሚገቡት ዓይነት፤ 55 በ40 በ20 ሴንቲሜትር ገደማ። ላፕቶፑ ከመደገፊያው ጋር ተጠግቶ ይቆማል። ቅያሪ ልብስ ሳይጨማደድ ተዘርግቶ ይገባል። ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ፓምፕ፣ ትርፍ ከመነዳሪ ሁሉም ቦታ አላቸው። (ባለ ተሽከርካሪ እግሩን ደረቅ ሻንጣ ግን አልመክርም፤ ይንሸራተታል፣ ይንኳኳል።) ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል። ትርፍ ማሰሪያ ተጠቅልሎ ይታሰር፤ ወደ ጎማ ከገባ አደጋ ነው። የኋላ መብራት ደግሞ በሻንጣው እንዳይጋረድ ሻንጣው ላይ ይሰካ።

ዳገት ላይ ክብደቱ ይሰማል፤ ይህን አልክድም። ሪከምበንት ላይ ከመቀመጫ ብድግ ብሎ መርገጥ የለም። ግን ያንኑ ዕቃ ሰውየው ቢያዝለውስ ዳገቱ ይራራለታል?

«ሻንጣ ለመንገደኛ ነው» ወዳሉን እንመለስ። በመኪና የሚመጣው ባልደረባዬ ጃንጥላውንም፣ የስፖርት ልብሱንም፣ የሁለት ሳምንት ወረቀቱንም መኪናው ኋላ ውስጥ ይዞ ይዞራል። እሱን «ዕቃህን ጭንህ ላይ ይዘህ ንዳ» ያለው የለም። ቢሉት ይስቃል። እኛን ሲሉን ግን በማኅተም ይለጠፋል።

ለሪከምበንት የማይመች ደንብ ማውጣት አዲስ ነገር አይደለም። በ1933 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፎር ሻርል ሞሼ በሠራው ሪከምበንት በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ነዳ። ከ1914 ጀምሮ የቆየው የብስክሌተኛው ኦስካር ኤግ የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን 44.247 ነበር። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ምን አደረገ? በ1934 የውድድር ብስክሌት ምን መምሰል እንዳለበት እንደገና ደነገገና ይህን ዓይነቱን ከውድድር አስወጣው። ጥፋቱ መፍጠኑ ነበር። ያ ደንብ እንኳ ለውድድር ነው፤ ማንንም ቅያሪ ሸሚዝ ይዞ ሥራ ከመሄድ አልከለከለም። የእኛ ሕንጻ ከዚያም አልፏል።

ቦታ ያጣብባል የሚለውን ሜትር ይዞ መፍታት ይቻላል። ሻንጣዬ 40 ሴንቲሜትር ይሰፋል። አጠገቤ የሚቆመው ማውንቴን ባይክ መሪው ብቻ ከ70 ያልፋል። ስለ መሪ ማስታወቂያው ላይ አንዲት ቃል የለችም። ብስክሌቱ ረጅም ነው ቢሉኝ እቀበል ነበር፤ እውነት ነውና። እነሱ ግን የከለከሉት ሻንጣውን ነው።

ጥበቃስ? ፈትሹ። ዚፑን ራሴ እከፍታለሁ። ስደርስም ፈትቼ ይዤው ነው የምገባው፤ ማቆሚያው ላይ ጥዬው አልሄድም። ነገሩን ይበልጥ የሚያስቀው ደግሞ ይኸው ነው። የእኔ ሻንጣ ጢም ብሎ ቢሞላ 44 ሊትር ይይዛል። ተራራ የሚወጡ ሰዎች የሚያዝሉት ቦርሳ 60 ሊትርና ከዚያም በላይ ይይዛል። በማስታወቂያው መሠረት እሱ በጀርባ ስለሚታዘል ሰተት ብሎ ይገባል፤ የእኔ ግን በር ላይ ይቆማል።