የትሬቪ ውሃ ሒሳቡ ከተዘጋ ሁለት ሺህ ዓመት አልፎታል

የሮም ከተማ አስተዳደር ትሬቪ ወደሚባለው ሰው ሠራሽ ፏፏቴ ጠርዝ የሚወርድ ጎብኚ ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ሁለት ዩሮ እንዲከፍል ወስኗል። ሮም የሚኖር በነፃ ይገባል፤ እንግዳ ይከፍላል። ውሳኔውን የሚደግፉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት መከራከሪያ ደግሞ ይህ ነው፦ «ሁለት ዩሮ ምን አላት? የአንድ ቡና ዋጋ!» (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ፣ ሰዓቶቹ እንደ እኛ አቆጣጠር ናቸው።)

የአንድ ቡና ዋጋ አይደለችም። ሮም ውስጥ ባንኮኒ ላይ ቆሞ የሚጠጣ ቡና ብዙውን ጊዜ ከ1.50 ዩሮ አይበልጥም። ተቀምጦ የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ በትሬቪ ዙሪያ ሁለት ዩሮ አይበቃውም፤ እዚያ ወንበር ራሱን የቻለ ዋጋ አለው። ስለዚህ ይህን ምሳሌ የሚያመጣ ሰው የሮምን ባር አያውቀውም፤ ባሩን ሳያውቅ ደግሞ ለጎብኚው ምን ይቀላል፣ ምን ይከብዳል ብሎ ሊፈርድ አይችልም።

የቡናው ስሌት የሚሸፍነው ሌላም ነገር አለ። እንግዳው ፏፏቴው ዘንድ ሳይደርስ ስንት ጊዜ ከፍሏል? ሮም ሆቴል ከሚያድር ሰው ሁሉ በየሌሊቱ በነፍስ ወከፍ ግብር ትሰበስባለች፤ ባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል 6 ዩሮ፣ ባለ አራት ኮከብ 7.50 ዩሮ። ይህ ግብር በኢንተርኔት በተከፈለው የክፍል ዋጋ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ስለማይካተት ሰው የሚደነግጠው ቁልፍ ሲመልስ ነው። ባልና ሚስት ባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል አራት ሌሊት ቢያድሩ 48 ዩሮ መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሣው ደግሞ ከዚያ ሁሉ በፊት ለሸንገን ቪዛ ማመልከቻ 90 ዩሮ ከፍሏል፤ ቢከለከል ገንዘቡ አይመለስለትም። የአውሮፓ ኅብረት በአፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባወጣው ውሳኔ የመጠበቂያውን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ለጠጠው፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጣቸውም አደረገ። በእንዲህ ያለ በር አልፎ የሚመጣ ሰው ሮምን የሚያያት በዕድሜው አንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል። «ምን አላት» የሚባለው ለእሱ ነው?

«ክፍያው ሰልፉን ያቀልለዋል» የሚለውም ከዚህ አይሻልም። መጨናነቁን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ ከ400 ሰው በላይ በአንድ ጊዜ ወደ ገንዳው እንዳይወርድ ተደርጓል። ነገሩን የሚገራው ይህ ቁጥር ነው እንጂ ዋጋው አይደለም። አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ሆቴል ይዞ፣ ፏፏቴው ፊት የደረሰን ሰው ሁለት ዩሮ ወደ ኋላ አይመልሰውም። የጥንቱ የሮም ቤተ መቅደስ ፓንቴዎን ከጁላይ 2023 ጀምሮ 5 ዩሮ ያስከፍላል፤ ሰልፉ ዛሬም አደባባዩ ላይ እንደተዘረጋ ነው። ለጥገና ነው እንዳይባል፣ በ2015 የተጠናቀቀውን ትልቁን እድሳት ከሁለት ሚሊዮን ዩሮ በላይ አውጥቶ ያሠራው ፌንዲ የተባለው የፋሽን ቤት ነው። ጎብኚዎች ወደ ገንዳው የሚወረውሩት ሳንቲም ደግሞ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ እየሆነ ካሪታስ በተባለው የካቶሊክ በጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ለችግረኞች ይውላል። እንግዳው ማንም ሳይጠይቀው ሲሰጥ ኖሯል።

ዋናው ጉዳይ ግን ይህም አይደለም። የውሃው ባለቤት ማን ነው? ጥያቄው እሱ ነው።

ትሬቪን የሚመግበው የጥንት የውሃ መስመር አኳ ቪርጎ ይባላል። ያሠራው የአውግስጦስ ቄሣር የጦር አዛዥና አማች የነበረው ማርቆስ አግሪፓ ነው፤ ውሃው ሮም የገባው ክርስቶስ ከመወለዱ 19 ዓመት በፊት፣ ጁን 9 ቀን ነው። ከከተማዋ በስተምሥራቅ ካለ ምንጭ ተነሥቶ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አብዛኛው መንገዱ ከምድር በታች ነው። ሌሎቹ የጥንት መስመሮች ሲፈርሱ እሱ በየዘመኑ እየተጠገነ እዚህ ደርሷል። ዛሬ የምናየው የኒኮላ ሳልቪ ሥራ በ1762 የተጠናቀቀ የድንጋይ ግንባር ነው፤ ውሃው ግን የአግሪፓ ነው።

አግሪፓ ደግሞ ውሃን በገንዘብ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ33 የከተማዋ ሹም ሳለ፣ የጥንቱ ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ እንደመዘገበው፣ 700 የውሃ ገንዳና 500 ፏፏቴ አሠራ፤ 170 መታጠቢያ ቤትም ለሕዝቡ በነፃ ከፈተ። ሲሞት በስሙ የሚጠራውን ትልቁን መታጠቢያና የአትክልት ቦታውን ለሮም ሕዝብ ተናዘዘ፤ ማንም ሳይከፍል እንዲታጠብበት። ያ መታጠቢያ የሚሞላው በዚሁ በአኳ ቪርጎ ውሃ ነበር። ቦታው የት ነው? ከፓንቴዎን ጀርባ። በፓንቴዎን ግንባር ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈውም «የሉክዮስ ልጅ ማርቆስ አግሪፓ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ቆንስል ሳለ ሠራው» ይላል። ንጉሡ ሀድሪያን ሕንፃውን እንደ አዲስ ሲያሠራው እንኳ የራሱን ስም ትቶ የአግሪፓን አቆየ። እንግዲህ ንብረቱን ለሕዝብ ባወረሰ በአንድ ሰው ሠፈር፣ የአሥር ደቂቃ እግር መንገድ ባልሞላ ርቀት፣ ዛሬ ሁለት ቲኬት ይቆረጣል፤ ስሙ በተጻፈበት ቤት አምስት ዩሮ፣ ውሃው በሚወርድበት ገንዳ ሁለት ዩሮ። ኑዛዜ ማፍረስ ካልሆነ ይህ ምን ይባላል?

ሮምን ሮም ያደረጋት ውሃ በአደባባይ መፍሰሱ ነው። ከተማዋ ውስጥ ዛሬ 2,500 ያህል የብረት ቧንቧዎች ቀን ከሌሊት ይፈስሳሉ፤ ሕዝቡ ናዞኔ፣ ትልቅ አፍንጫ፣ ይላቸዋል። ውሃው ይጠጣል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ገንዘብ አይጠየቅበትም። ጎንበስ ብሎ አንገትን ማጣመም አያስፈልግም፤ የአፍንጫውን ጫፍ በጣት ቢደፍኑት ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ወደ አፍ ሽቅብ ይወጣል። ፕላስቲክ ጠርሙስ አንዴ ገዝቶ ቀኑን ሙሉ መሙላት ነው። በእኛ አገር መንገደኛ ውሃ ሲለምን ጠላ ይቀዳለታል፤ የሮም ሠፈሮችም እስካሁን ይህንኑ ደግነት በብረት አቁመው ኖረዋል። ባለሥልጣናቱ ግን አደባባዩን ቀስ በቀስ ከሕዝቡ እየቀነሱት ነው። በ2019 የስፔን ደረጃዎች ላይ መቀመጥ ተከለከለ፤ ቅጣቱ እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል። አሁን ትሬቪ። ናቮና አደባባይም ተራው ይደርሰዋል፤ በዚህ ጥርጥር የለኝም።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው አይክፈል። ከላይ ካለው አደባባይ ሆኖ ፏፏቴውን ሙሉውን ማየት ነፃ ነው፤ ፎቶውም ከዚያ ሲነሣ ይሻላል፣ ከገንዳው ሥር ሆኖ የላይኛው ሐውልት ይቆረጣል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ክፍያው የለም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ማለዳ 12 ሰዓት ላይ መድረስ ነው፤ በዚያ ሰዓት የውሃው ድምፅ ይሰማል፣ በቀን ግን የሰው ጫጫታ ይውጠዋል። በሜትሮ ኤ መስመር ስፓኛ ወርዶ መጀመሪያ ከስፔን ደረጃዎች ሥር ያለውን፣ ባርካቻ የተባለውን ፏፏቴ ማየት ይገባል። እንደ ሰጠመ ጀልባ ዝቅ ብሎ የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አኳ ቪርጎ እዚያ ላይ ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ውሃውን ወደ ላይ መርጨት አይቻልም ነበር። ከዚያ በእግር አሥር ደቂቃ ትሬቪ፣ ሌላ አሥር ደቂቃ ፓንቴዎን፣ ከዚያ ናቮና። ቀን ሱቆች ሲከፈቱ ደግሞ በቪያ ዴል ትሪቶኔ ላይ ያለው ሪናሼንቴ የገበያ አዳራሽ ምድር ቤት መውረድ ነው፤ 60 ሜትር ያህል የሚሆን የአኳ ቪርጎ ቅስት እንደተገነባ ቆሞ ይታያል። አንድ ሳንቲም አይጠየቅበትም፤ ለትሬቪ ቲኬት ከሚሰለፈው ሕዝብ ብዙው መኖሩንም አያውቅም።

ሁለቷ ዩሮ በኪስ ትቆይ፤ ሥራ አላት። ከናቮና አጠገብ ያለው የሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን ሦስት የካራቫጆ ሥዕሎች አሉት፤ ሳንታ ማሪያ ዴል ፖፖሎ ሁለት፤ ሳንታጎስቲኖ አንድ። መግቢያቸው ነፃ ነው። ነገር ግን ጸሎት ቤቶቹ ጨለማ ስለሆኑ በብዙዎቹ መብራት የሚበራው ሳጥኑ ውስጥ ሳንቲም ሲገባ ነው፤ ትንሽ ቆይቶም ይጠፋል። የሚክኤል አንጄሎ ሙሴ ያለበት ሳን ፒዬትሮ ኢን ቪንኮሊም እንደዚሁ ነው። ሰው የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው፤ ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ እስከ 9 ወይም 10 ሰዓት ይዘጋሉ። ስለዚህ ጠዋቱ ለአብያተ ክርስቲያናት፣ እኩለ ቀኑ ለፍርስራሾቹ ይሁን።

የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካም ነፃ ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይከፈታል። በዚያ ሰዓት የፍተሻው ሰልፍ አጭር ነው፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ላይ ረጅም ጊዜ ያስቆማል። ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ ሕዝብ ስለሚቀበሉ አይመረጥም። ትከሻና ጉልበት ያልሸፈነ ከበር ይመለሳል፤ ነጠላ የያዘች ሴት ይህ አያሳስባትም። አደባባዩ ላይ «ሰልፍ እናሳልፋለን» እያሉ ለነፃው ባዚሊካ ገንዘብ የሚጠይቁትን አልፎ መሄድ ነው።

በእውነት የሚከፈልበት ኮሎሲየም ነው፤ 18 ዩሮ፣ የሮማን ፎረምና ፓላቲኖን ጨምሮ። ቲኬቱ ከ30 ቀን በፊት በመንግሥት ድረ ገጽ ይለቀቃል፤ ስም ይጻፍበታል፤ ስሙ ከፓስፖርቱ ካልገጠመ በር ላይ ችግር ነው። የአባትንና የአያትን ስም እያቀያየሩ የሚሞሉ ወገኖቻችን እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፤ ፓስፖርቱ ላይ እንደሰፈረ ፊደል በፊደል መጻፍ አለበት። የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን በ2025 በእነዚህ ቲኬቶች መታፈስና መወደድ ተጠያቂ ባላቸው ድርጅቶች ላይ በድምሩ ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጥሏል። የጎብኚው እውነተኛ ዘረፋ እዚህ ነበር፤ ከተማዋ ጉልበቷን እዚህ ላይ ብታውል ኖሮ አመሰግናት ነበር።

ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ወደ ዋናው ባቡር ጣቢያ ተርሚኒ የሚሄደው ፈጣን ባቡር 14 ዩሮ ነው፤ በትራስቴቬሬና ኦስቲዬንሴ የሚያልፈው ተራው ባቡር 8። የወረቀት ቲኬት ከመሳፈር በፊት ማሽን ላይ ካልተመታ እንዳልተገዛ ይቆጠራል። የከተማ አውቶብስና ሜትሮ 1.50 ዩሮ፣ ለ100 ደቂቃ። 64 ቁጥር አውቶብስ ላይ ሌባ ስለማይጠፋ ቦርሳ ከፊት ይታቀፋል።

ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ደግሞ ማንም አስጎብኚ የማይነግረው ሮም አለ። ከተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ፣ ስሙን ያገኘው በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ከደመሰሷቸው ወታደሮች ነው። የመታሰቢያ ሐውልታቸው ጥቂት ርምጃ ራቅ ብሎ በዛፎች መካከል ቆሟል፤ ዘርአይ ድረስ ከአዲስ አበባ የተዘረፈውን የይሁዳ አንበሳ አይቶ በ1938 የተነሣው እዚያ ነበር። በሜትሮ ቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ ሲወረድ ደግሞ የፋኦ ሕንፃ ይታያል። ከፊቱ ያለው ፖርታ ካፔና አደባባይ የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ በግዞት የቆመበት ነው፤ በ2005 ወደ አገሩ ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ ተተከለ። ዛሬ እዚያው አካባቢ ለኒውዮርኩ የ2001 ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ምሰሶዎች አሉ፤ ስለ አክሱም ግን መንገደኛ የሚያውቀው ነገር የለም። ከዚያ ተነሥቶ በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ በእግር ወደ ኮሎሲየም ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ የኮሎሲየም ሰዓት የያዘ ሰው ከቀጠሮው 40 ደቂቃ ቀደም ብሎ ቺርኮ ማሲሞ ቢወርድ ለሁለቱም ይደርሳል።