የኔ ሙዚቃ ብቻ ነው እንዴ ጠበል የሚያስፈልገው?

ሀዋሳ ውስጥ አንድ አልበም ሳይቋረጥ ሰምቶ የጨረሰ ሰው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። 11 ዘፈን ነው እኮ! 40 ደቂቃ እንኳን አይሞላም።

የፓርክዌይ ድራይቭ ባንድ የመጀመሪያ ሙሉ አልበም ነው፤ «ኪሊንግ ዊዝ ኤ ስማይል»፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው። ልጆቹ የአውስትራሊያዋ ባይረን ቤይ ልጆች ናቸው። እንደኛዋ ከተማ ሰው ውሃ ዳር ሊዝናና የሚሄድባት ቦታ ናት። የባንዱ ስም ራሱ ይለማመዱበት የነበረው ቤት ያለበት መንገድ ስም ነው። ፕሮዲውስ ያደረገላቸው ደግሞ የአሜሪካው ባንድ የኪልስዊች ኢንጌጅ ጊታሪስት አዳም ዱትኪዊች ነው። በሜታልኮር፣ ማለትም ሄቪ ሜታልና ሃርድኮር ፓንክ በተቀላቀሉበት ሙዚቃ፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?

ቅዳሜ ከሰዓት ከፈትኩት። ሦስተኛው ዘፈን ላይ በሩ ተንኳኳ። አከራዬ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ እትዬ፣ ሙዚቃ ነው።»

«ይሄ? በስመአብ! ሰው እየታረደ ነው እንጂ!»

ተመልሰው ሲመጡ ዕጣን ይዘዋል። ጭሱን በር ላይ፣ አልጋዬ ሥር፣ በመጨረሻም ስፒከሩ ላይ አዞሩት። ነገ በጠዋት ጠበል እንሂድ ብለውም ቀጠሮ ያዙልኝ። እሺ ብዬ ኢርፎን ሰካሁ። ባሰ! አሁን ግቢው ውስጥ የሚወራው «ዘግቶ ብቻውን ጭንቅላቱን ይነቀንቃል» ነው።

ታዲያ ከአጥራችን ማዶ ያለው ግሮሰሪ እስከ እኩለ ሌሊት መስኮቴን ሲያንቀጠቅጠው ዕጣን ያጨሰበት አለ? ሞባይል ቤቱ ስፒከሩን አስፋልት ዳር አውጥቶ አንዷን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ሲደጋግማትስ? ባጃጅ ውስጥ ባሱ ወገቤን ሲደቃኝ «ትንሽ ቀንሰው ወንድሜ» ብል «ካልተመቸህ ውረድ» ነው መልሱ። እነሱ ጤነኛ፣ እኔ በሽተኛ!

ሠርግ ላይ «ዘራፍ!» ሲባል ደረታቸውን የሚነፉት እኮ እነዚሁ ጎረቤቶቼ ናቸው። የፓርክዌይ ድራይቩ ድምፃዊ ዊንስተን ማክኮል ምን ለየው? እሱም ዝም ብሎ አይጮህም። ትንፋሹን ከሆዱ ካላወጣ ጉሮሮው አይችለውም፣ ተለማምዶ ነው። ደግሞ ብሬክዳውኑ! ሲበር የነበረው ሙዚቃ ድንገት ይከብዳል። ጊታሩና የእግር ከበሮው እኩል ይመታሉ፣ አንገትህ ሳታዘው ይወርዳል። እኔ እዚያ ልደርስ ስል ነው ሁሌ የምጠራው። ወይ ውሃ መጣ ጀሪካን አውጣ፣ ወይ ቡና ደርሷል። ቡናው ላይ አልጣላም። ግን ከብሬክዳውኑ በኋላ ቢጠሩኝ ምን ነበረበት?

ጓደኛዬም አልተሻለም። አልበሙን ላክልኝ ብሎ ላኩለት። «ለስለስ ያለው የቱ ነው?» ይለኛል። የለም! አንዱም ለስለስ አይልም!

ለማንኛውም ከግሮሰሪ ራቅ ያለ አንድ ክፍል ቤት የሚያውቅ በኢንቦክስ ያናግረኝ። የአከራዩ ጆሮ ትንሽ ከበድ ያለ ከሆነ ኪራዩ ላይ አልከራከርም።