ፋንዲሻ ማኘኩ እንኳ ቆሞ ነበር
ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ስለ አሜሪካዊው የራፕ ቡድን ኤን ደብሊው ኤ የተሠራውን «ስትሬት አውታ ኮምፕተን» የተባለ ፊልም ተመልካቹ በጭብጨባ ተቀበለው ይላል። ልክ ነው፤ ግን ጭብጨባ ብቻ አልነበረም። እኔ ያየሁት ሜሪላንድ ነው፣ ነሐሴ 2015 እ.ኤ.አ.፣ በወጣ በሳምንቱ። አዳራሹ ጢም ብሏል። የቡድኑን አባል አይስ ኪዩብን የሚጫወተው የገዛ ልጁ ነው። ገና ብቅ ሲል «ቁርጥ አባቱን!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ ዞራ አየችኝ።

ፖሊሶቹ የቡድኑን ልጆች ከስቱዲዮው ደጃፍ መሬት ላይ ሲያስተኟቸው ግን ፋንዲሻ የሚያኝክ ሰው እንኳ አልነበረም። ፈርጉሰን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ጥቁሩ ወጣት ማይክል ብራውን በፖሊስ ከተገደለ ገና ዓመቱ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አባት እጃቸውን ልጃቸው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ። ትዕይንቱ እስኪያልቅ አላነሱትም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ዲ ባርንስ የት ገባች? ሌላው የቡድኑ አባል ዶክተር ድሬ ጋዜጠኛዋን በ1991 እ.ኤ.አ. መደብደቡ ያደባባይ ምስጢር ነው። ፊልሙ ግን ዝም ብሎ አልፎታል። እሷ ይህንን ጽፋ ከወቀሰች በኋላ ነው ድሬ የበደላቸውን ሴቶች ይቅርታ የጠየቀው። እሱና ኪዩብ ፕሮዲውሰሮች ሆነው ሳለ ካሜራውን ወደዚያ ማን ያዞራል? አልገረመኝም፤ ቅር ግን ብሎኛል።

ያም ሆኖ ተዋናዩ ጄሰን ሚቸል የቡድኑን አባል ኢዚ ኢን ሆኖ የሆስፒታል አልጋ ላይ ሲተኛ እንባዬ መጣ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች፦ «አንድ ዘፈኑን እንኳ ለማታውቀው ሰውዬ!»